የጧፍ ቤቱ አሠራር

«ልጅቷ ጽፋ ትጨርስ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ምን ልታደርግልን? ክፍሏንም መጋዘን እናደርገዋለን።»

ትርሲት ፊቷን በሳሙና እንደ ሸፈነች ቀጥ ብላ ቆመች። ድምፁ የታላቅ ወንድሟ የሞላልኝ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ሁልጊዜ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው የሚያወራው፤ አጥሩ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ሳሙናው ዓይኗን እየለበለባት እስኪጨርስ ጠበቀች። ከነገሩ ይልቅ የቆረቆራት አጠራሩ ነበር። ሞላልኝ እትዬ ዝናሽን ፊት ለፊት «እርስዎ» ሳይል ቀርቶ አያውቅም፤ በበዓል ቀንማ እንደ እናት ጉልበታቸውን ይስማል። ዛሬ ግን «ሴትዮዋ» አለ፣ «ክፍሏ» አለ፤ ገበያ ወጥታ ስለምትሸጥ ላም የሚያወራ ይመስል ነበር። «ልጅቷ» የተባለችው ደግሞ ራሷ መሆኗ ገባት።

ሕንድ አገር የሥራ አመራር ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ ክረምቱም በጋውም አልፎባታል። አዲስ አበባ የላከችው የሥራ ማመልከቻ ሁሉ ውሃ እንደ በላው ቀርቷል። አርብ ገበያ ላይ የምታውቃቸው እኩዮቿ አግብተው ወልደው፣ እሷ በተወለደችበት ቤት እንደ እንግዳ ከሳሎኑ ሶፋ ላይ ትተኛለች። ሞላልኝ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «የጧፍ ቤቱን አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፊልኝ እስቲ። አንቺ እኮ እዚያ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ይኼንኑ ነው። በወረቀት ያልተቀመጠ ሥራ ሰውየው ሲሞት አብሮት ይቀበራል» ሲላት ደስ ብሏት ነበር። ከተመለሰች ጀምሮ ለአንድ ነገር ትበጃለች ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነበርና። ደስ ሲላት ነበር መጠርጠር የነበረባት።

ሳሎን ስትገባ ሞላልኝ ቀድሟት ተቀምጧል። አርብ ስለሆነ ቁርስ የሚባል የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የማትጾመው የትርሲት ሻይ ብቻ ነው። የወንድሟ ሚስት ሕይወት ሻዩን ስታስቀምጥ ብርጭቆውን ትንሽ ከበድ ታደርገዋለች፤ ቃል አትናገርም። ሞላልኝ ስለ ስኳር ዋጋ አነሣ፤ ሕይወት ስለ ዘይት ዋጋ መለሰች። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው አሉ፣ ደብረ ታቦር ያደረው መኪና ጠዋት ተነሥቷል አሉ። ትርሲት የወንድሟን ፊት ሰርቃ አየችው፤ እንደ ወትሮው የዋህ፣ እንደ ወትሮው ትንሽ ደከም ያለ ፊት ነው። እዚያ ፊት ላይ የጠዋቱን ድምፅ ብትፈልገው አጣችው።

«ካሣሁን ዛሬ ይመጣል» አለ በመጨረሻ። «መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ሁለተኛውን ጧፍ ቤት አብሮኝ የሚከፍተው ሰውዬ። ወረቀቱን ሳላይ አንድ ብር አላወጣም ብሏል። ጽሑፉ ለማታ ይደርሳል አይደል?»

«ይደርሳል» አለች ትርሲት።

ጧፍ ቤቱ ከግቢው ግርጌ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ከዓመታት የሰም ጢስ የተነሣ የማር ቀለም ይዟል፤ ወለሉ ያሙለጨልጫል፤ ሽታው የጠራቸው ንቦች በመስኮቱ ሽንቁር እየገቡ ይዞራሉ። ከጣሪያው ወራጅ ሥር ምስማር በረድፍ ተመትቶ ፈትሉ እሱ ላይ ይንጠለጠላል። ሰሙ የሚቀልጥበት ግማሽ በርሜል በስተቀኝ ነው። በስተግራ ከአቡጀዲ መጋረጃ ጀርባ የእትዬ ዝናሽ አልጋ፣ ሣጥናቸውና የእመቤታችን ሥዕል ያለበት የአምና ቀን መቁጠሪያ አለ። መጋዘን ይሆናል የተባለው ክፍል ይኸው ነው። እትዬ ዝናሽ የትርሲት እናት የአክስት ልጅ ናቸው። ጧፍ ቤቱን ከእናቷ ጋር ጀመሩት፤ እናቷ ስትሞት ንግድ ፈቃዱ ወደ ሞላልኝ ዞረ፤ ሥራው ግን እሳቸው ዘንድ ቀረ። ሌላ ቤት የላቸውም።

«መጣሽ ጸሐፊዋ?» አሉ ከበርሜሉ ቀና ሳይሉ። «ዛሬስ ምን ትጽፊያለሽ? ‹ዝናሽ አስነጠሰች› በይ።»

«‹ይማርዎ› የሚለውን ጨምሬ እጽፋለሁ።»

ሳቁና ሳቃቸውን ቶሎ ዋጡት። ትርሲት የሰማችውን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ምን ብላ? ወንድሜ በእኔ እጅ ጉድጓድ እያስቆፈረልዎ ነው ብላ? ዘጋችው። እትዬ ዝናሽ ግን አፏን ከፍታ መዝጋቷን አይተዋል፤ ማማሰያውን በርሜሉ ጠርዝ ላይ አሳረፉና ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ወረቀት ሲያልቅ ለማን ነው?»

«ለሞላ ነው።»

«ለሞላስ ምን ያደርግለታል?»

«ሥራውን ለማስፋት።»

«እንዲያ ነው? ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አሉና ወደ ማማሰላቸው ተመለሱ።

ያም ሆኖ ሲጠየቁ አይደብቁም ነበር፤ እስከ አንድ ቦታ ድረስ። ሰፈፉ፣ ማሩ የወጣለት የቀፎው እንጀራ፣ ከውሃ ጋር ይፈላል። በጆንያ ይጠለላል፤ በዱላ ተጠምዝዞ ይጨመቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ፈስሶ ይረጋል፤ የረጋው ጥፍጥፍ ሥሩ ይፋቃል። እንደገና ይቀልጣል፤ ፈትሉ ላይ ከላይ ወደ ታች እየፈሰሰ ይረጋል፤ ሳይደርቅ በሳንቃ ላይ ይድበለበላል። ይኼ ሁሉ በትርሲት ወረቀት ላይ በተራ በተራ ሰፍሯል። መካከል ላይ ግን «ሰሙ ንጹሕ መሆኑ ይረጋገጣል» ከሚለው ሥር ባዶ ቦታ አለ። በአሁኑ ጊዜ ገበሬውም ነጋዴውም ሰሙ ላይ የሱቅ ሻማና የከብት ሞራ አቅልጦ ይቀላቅላል። የተቀላቀለው ሲረጋ ከንጹሑ ጋር መልኩ አንድ ነው፤ ጧፍ ሆኖ ሲነድ ነው ጉዱ የሚታየው። እትዬ ዝናሽ ይለያሉ። እንዴት እንደሚለዩ ለመጻፍ ትርሲት በቀረበች ቁጥር ግን አንድ ነገር አምጪ ተብላ ትላካለች። አንድ ቀን ጨው፣ አንድ ቀን ክብሪት።

ረፋድ ላይ ከስማዳ የሚመጣው ገበሬ ጣሰው አህያውን እየነዳ በሩ ላይ ቆመ። ገበያ በወጣ ቁጥር የሰም ጥፍጥፉን እዚህ ጥሎ ይሄዳል፤ ከሰዓት ሲመለስ ፍርዱን ይሰማል፤ ዋጋው የሚቆረጠው ያኔ ነው። ልማዱ ይኼ ነው፤ ከእትዬ ዝናሽ ጋር የተከራከረ ገበሬ የለም።

«አራት መቶ በኪሎ ነው ዘንድሮ፤ አስቀድሜ ልናገር» አለ ጣሰው።

«ሰሙ ነው አህያው አራት መቶ?»

«አህያዋማ እንደ እርስዎ ናት፤ ዋጋ አይወጣላትም!»

«እየሰደብኸኝ ነው እያመሰገንኸኝ?»

«ሰሙን አይተው ይወስኑ። ንቧ ከዋሸች እኔም ዋሸሁ» አለና እየሳቀ ወደ ገበያው ወረደ። እትዬ ዝናሽ ፊቱ እስኪሰወር በዓይናቸው ተከተሉት። ከጥፍጥፉ ጫፍ ትንሽ ቆርሰው በመዳፋቸው ያዙና፣ «እስቲ ከሕይወት ወንፊት ተቀብለሽልኝ ነይ» አሏት ትርሲትን።

ትርሲት ወጣች። ግማሽ ግቢ ሄዳ ተመለሰችና በበሩ ስንጥቅ አየች። እትዬ ዝናሽ ጀርባቸውን ወደ በሩ ሰጥተው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበዋል። መንጋጋቸው ይንቀሳቀሳል። ያኝካሉ። አርብ ቀን፣ ገና ቅዳሴ ሳይወጣ፣ በዚህ ቤት ከትርሲት በቀር ማንም ውሃ በአፉ ሳያዞር እሳቸው ያኝካሉ። ከዚያ በእጃቸው ላይ ተፍተው ያኘኩትን ሲያዩት ቆዩ። በሩ ሲንሲያጠጥ ነጠላቸው ከእጃቸው አመለጠ።

«ወንፊቱስ?» አሉ። ከዚያ ፊቷን አዩና ተውት። «እንግዲህ አየሽኝ። ግቢና ተቀመጪ።»

በአፍ ነው የሚለየው። ሌላ መንገድ የለውም፤ ትንሽ ቁራሽ ብታነጂው ሁሉም ይነድዳል፣ ሞራም ይነድዳል። ንጹሑ ሰም ሲያኝኩት መጨረሻው ላይ አበባ አበባ ይላል፤ ሻማ የገባበት ላምባ ላምባ ይላል። ይህን ያስተማረቻቸው የትርሲት እናት ናት። ነገር ግን ገበያው አርብ ነው፤ አርብ ደግሞ ጾም ነው፤ ሰዓት ሳይደርስ አፍ የገባ ነገር ሁሉ ያስገድፋል። «ጧፉ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሠሪዋ ገዳፊ» አሉ እትዬ ዝናሽ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁም። ይኼን እንዳትጽፊው።»

ትርሲት ልቧ ተነካ። ይቅርታ ልትጠይቅ ምንም አልቀራት። ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ከዚያም በሰው አገር ብቻዋን ስትኖር የባሰባት አንድ አመል አላት፤ ልቧ ሲነካ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተመልሶ ነገር ይቆጥራል። ጨው አምጪ የተባለችው ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ጾም የለም። ማክሰኞ ለምን አስወጧት? ጥያቄውን አልጠየቀችውም። እንደ ጠጠር ከጥርሷ ሥር ያዘችው።

ቀትር ሲያልፍ አንድ የገጠር ደብር ቄሰ ገበዝ መጡ፤ አባ ወልደ ሰንበት ይባላሉ። ቆላውን ወጥተው ስለመጡ ደክሟቸዋል። መስቀል አሳለሙ፣ ውሃ አልቀበልም አሉ፣ ስለ ዝናብ ጠየቁ፣ ስለ ማሳ ተናገሩ፤ የመጡበትን ግን ለመናገር እየከበዳቸው ነበር። በመጨረሻ ከጋቢያቸው ሥር አንድ እስር ጧፍ አውጥተው አግዳሚው ላይ አኖሩ።

«ዝናሽ፣ ልቀየምሽ አይደለም የመጣሁት። ጢሱ ሥዕሉን አጠቆረብን። መሪጌታም ሲያነብ መጽሐፉ ላይ ተንጠባጠበበት። ለሞላልኝ አልነገርሁትም፤ አንቺው እወቂው ብዬ ነው።»

«ይፍቱኝ አባ» አሉ እትዬ ዝናሽ። ድምፃቸው ደርቋል። እስሩን አንሥተው ከመጋረጃው ጀርባ ወሰዱት፤ ከራሳቸው ድርሻ ሌላ እስር አምጥተው ሰጧቸው። አባ ወልደ ሰንበት ሲወጡ ትርሲትን ቀና ብለው አዩአት፤ አየሽ ወይስ አላየሽም እንደማለት።

ትርሲት ሁለት ነገር ጠረጠረች። አንደኛው ሴትዮዋ ራሳቸው ይቀላቅላሉ የሚል ነው፤ እንዲህ ስታስብ እንደ ሞላልኝ ሴትዮዋ ላይ የተነሣች መስሎ ተሰማትና አስጠላት። ሁለተኛውን በቃል ማስቀመጥ አልቻለችም፤ ግን የሚፈተንበትን መንገድ ታውቀዋለች። ሱቅ ወርዳ በአሥራ አምስት ብር አንድ ነጭ ሻማ ገዛች። ማንም ሳያያት ከከሰል ምድጃው ላይ በጣሳ አቀለጠችው፤ የአሮጌ ሰም ፍርፋሪ ጨመረችበት፤ ቀለሙ ማር መሰለ። ሲረጋ ቆርሳ ወሰደችላቸው።

«አንድ ገበሬ ሰጥቶኝ ነው። ቢያዩልኝ።»

እትዬ ዝናሽ ተቀበሏት። አሁን የጾሙ ሰዓት ስላለፈ መደበቂያም አላስፈለጋቸውም። አኘኩት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ጥሩ ነው። የደጋ ንብ ነው። የአደይ ሽታ አለው» አሉ።

ትርሲት አንገቷን ደፋች። እትዬ ዝናሽ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩዋት ከዚያ በኋላ ነው። ያኘኩትን በመዳፋቸው ላይ አወጡና፣ «ምን ሰጠሽኝ?» አሉ።

«ሻማ።»

ሴትዮዋ ከአግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «አንቺ ወጥመድ ማጥመድም ተምረሻል» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚያ ነው ትርሲት ቁጣ ቢሆን የተመኘችው። ከዚያ ተናገሩ። አምና ያ ክፉ ጉንፋን ከተነሣባቸው ወዲህ አፋቸው እንጨት ሆኗል። በርበሬ ያቃጥላቸዋል እንጂ አይጣፍጣቸውም፤ ማርና ውሃ አንድ ናቸው። ነገ ይመለሳል፣ ለፋሲካ ይመለሳል ሲሉ ዓመት ሆነ። ጠበል ተጠምቀዋል። ማክሰኞም አርብም ሰው የሚያስወጡት፣ ሲያኝኩ ፊታቸው ላይ ምንም እንደማይመጣ እንዳይታይባቸው ነው።

«ታዲያ እስካሁን በምን ለዩት?»

«በሰውየው» አሉ እትዬ ዝናሽ። «ሰሙን ሲያስረክበኝ ዓይኑ የት እንደሚሄድ አያለሁ። ዋጋውን ከመጥራቱ በፊት ይምላል? ከአህያው ጋር ይጫወታል? አፌ ሲሞትብኝ ዓይኔን ቀጠርሁት። ብዙውን ጊዜ ይሠራል። አንዱ ግን ቀደመኝ፤ ልጅ የሚመስል፣ ዓይኑ ጥርት ያለ። የአባ ወልደ ሰንበት ጧፍ ከእሱ ሰም ነው።» ያኘኩትን ወደ እሳቱ ወረወሩት። «ሞላልኝ ይኼን ቢያውቅ አንድ ቀን አያሳድረኝም። ያውቃል እንዴ?»

ጠዋት ያልነገረቻቸውን ያኔ ነገረቻቸው። መጋዘኑን፣ ካሣሁንን፣ ወረቀቱ ለምን እንደሆነ። እትዬ ዝናሽ ሲሰሙ ቆይተው፣ «የእናትሽ ልጅ» አሉ ብቻ። ስለ ማን እንዳሉ ትርሲት አልገባትም።

ካሣሁን የደረሰው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ግዙፍ፣ ቀልደኛ፣ ተቀምጦም የማያርፍ ሰው ነው። ሕይወት ሽሮ አቀረበች። እትዬ ዝናሽ እንደ ልማዳቸው ከበሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ሞላልኝ «ወደ ላይ ይምጡ እንጂ እትዬ» አለ፣ ጠዋት ያንን በተናገረ አፉ። ካሣሁን ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ጎበዝ! ልክ እንደ መድኃኒት ወረቀት አድርገሽዋል። ኧረ ቆይ፤ እዚህ ጋ ባዶ ነው። ‹ንጹሕ መሆኑ ይረጋገጣል›፤ በምን?»

ሞላልኝ ወደ ትርሲት ዞረ። ትርሲት ያን ባዶ ቦታ በሐሰት ልትሞላው ትችል ነበር፤ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ እሳት ላይ ይታያል ብላ። ወረቀቱ ሞልቶ መካነ ኢየሱስ ሲደርስ ግን እትዬ ዝናሽ አያስፈልጉም፤ መጋዘኑ እዚህ ይከፈታል። እውነቱን ብትጽፈውም ያው ነው።

«በአፍ ነው» አለች። «በእትዬ ዝናሽና በእኔ። እያስተማሩኝ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።»

«አንቺ?» አለ ሞላልኝ። «አንቺ አዲስ አበባ ልትሄጂ አልነበር እንዴ?»

«ቀርቻለሁ።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም እንደ ሌላ ሰው ሰማችው።

ካሣሁን ወረቀቱን አስቀምጦ ኪሱ ውስጥ ገባ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ቁራሽ ሰም አወጣ። «እንግዲያው ፍረጂኝ። ይኼን ትናንት ደብረ ታቦር ላይ ደምሌ ከሚባል ነጋዴ ነው የገዛሁት። ኩንታል ሙሉ አስጭኜዋለሁ። እስቲ ምን አቅፌ እንደመጣሁ ንገሪኝ።»

ትርሲት ከቁራሹ ትንሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች። አኘከች። አበባውን ፈለገችው፤ ላምባውን ፈለገችው። የጢስ ጣዕም አለው፤ የሽሮው በርበሬ ምላሷ ላይ አለ፤ ከዚያ ሌላ ምንም። ሁሉም ያዩዋታል። ያኔ ዓይኗን ቀና አድርጋ ካሣሁንን አየችው። ሰውየው ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል፤ አውራ ጣቱ ጋዜጣውን ያሻሻል። ገና ሲገዛ የጠረጠረ፣ ከጠረጠረም በኋላ የገዛ ሰው ነው።

«ላምባ ላምባ ይላል» አለች። «ሻማ ገብቶበታል።»

«ብዬ ነበር!» ካሣሁን ጭኑን መታ። «ልቤ ነግሮኝ ነበር!»

ሞላልኝ ግን አላመነም። እህቱን ያውቃታል። «እስቲ እትዬም ይቅመሱት» አለ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከትርሲት ሳይነቅል።

እትዬ ዝናሽ ከበርጩማው ተነሡ። የተረፈውን ከካሣሁን እጅ ወስደው፣ ነጠላቸውን ሳይስቡ፣ በሰው ሁሉ ፊት አኘኩት። «ልጄ ልክ ናት» አሉ። «እንዲያውም ሞራም አለበት።»

ካሣሁን ወደ ሞላልኝ ዞረ። «አንተ፣ ክፍሉን እናስለቅቃቸዋለን ያልኸኝ እኚህን ሴትዮ ነው እንዴ? እብድ ነህ? ያለ እሳቸው ብር አላወጣም። መጋዘን ሌላ ቦታ ፈልግ።»

ሕይወት ትሪውን ልታነሣ ጎንበስ ብላ እንዳጎነበሰች ቀረች። ሞላልኝ እትዬ ዝናሽን ማየት አልቻለም፤ ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። እሳቸው ወደ በርጩማቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ማኘካቸውን አላቋረጡም።

ካሣሁን ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ኔትወርኩ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደተገኘ እንጃ፤ አንዴ ጠርቶ ተነሣ። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገው። «ደምሌ! ሻማ ነው እንዴ የሸጥህልኝ? እዚህ ሁለት ባለሙያ ቀምሰው ፈርደውብሃል! ነገ ኩንታሉን ትመልሳለህ፤ ለሰም ነጋዴ ሁሉ ስምህን እነግርብሃለሁ!»

ከወዲያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ እየተቆራረጠ፣ እየተንተባተበ። ከእናት አባቱ የወረሰው ሥራ መሆኑን፣ ሰሙ ከገዛ ቀፎው መሆኑን፣ ሻማ በቤቱ ገብቶ እንደማያውቅ ተናገረ። በእመቤታችን ማለ። በልጆቹ ማለ። ትርሲት ከሶፋው ጫፍ ወደ ስልኩ ተጠግታ አዳመጠች። የካሣሁንን ፊት አይታ ነበር የፈረደችው፤ የዚህን ሰው ፊት ግን ማየት አልቻለችም።